ኮምፒዩተሬ ድዳ የሆነበት በጋ

ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት ኮምፒዩተሬን ስከፍተው ዝም አለኝ።

መጀመሪያ የማዳመጫው ገመድ የወጣ መስሎኝ ከኋላ ዳሰስኩት። እንደተሰካ ነው። ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። ማራገቢያው ይዞራል፣ ቁልፎቹ ሲነኩ ይንቀጫቀጫሉ፣ ቃል ግን የለም። ዓይን ላለው ሰው ድምፅ የሌለው ኮምፒዩተር ዘፈን የማይከፈትበት ኮምፒዩተር ነው፤ ሥራውን ይሠራበታል። ለእኔ ግን ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ የሚያነብልኝ ፕሮግራም አፉ ከተዘጋ የብረት ሣጥን ነው። ምን እንደጻፍኩ አላውቅም። ፋይሉ መከፈቱንም አላውቅም።

የትነበርሽን ጠራኋት። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ገልባጮች እኔና እሷ ብቻ ነን፤ ችሎት ላይ የተቀረጸውን ድምፅ እየሰማን ወደ ጽሑፍ እንገለብጣለን፣ ጠረጴዛችን የተያያዘ ነው። ወንበሯን ስባ መጣች።

«ስክሪንሽ ተቀይሯል እኮ። አረንጓዴ ሜዳና ሰማይ ነው ያለበት» አለች።

ለካ ቅዳሜ ሰውአገኝ መጥቶ ፎርማት አድርጎት ኖሯል፤ ቫይረስ ገብቷል ብሎ። ሰውአገኝ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። ለእኔ የነገረኝ የለም። አስጠራሁት። ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ ቆየና «አንባቢ ፕሮግራምሽን መልሼ ጭኜው ነበር፤ የድምፁ ድራይቨር ግን ጠፍቷል» አለኝ።

«መልሰህ ጫንልኛ።»

«ከየት አምጥቼ? ይሄ ማሽን አሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፤ ከዚያ በላይ አይሸከምም። ሲዲው የለም። ኢንተርኔት ቢኖር አሁኑኑ አወርደው ነበር።»

ኢንተርኔት ከነሐሴ ወዲህ የለም። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ማንም ጥፋተኛ አይደለም።

ድራይቨር ማለት ኮምፒዩተሩንና የድምፁን ካርድ የሚያግባባ አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው ከሌለ ሁለቱም በቦታቸው አሉ፤ ግን አይሰማሙም።

ስቀጠር ክፍሉ ውስጥ ሁለት ኮምፒዩተር ነበር። አዲሱ ለየትነበርሽ፣ ስክሪኑ የደበዘዘው አሮጌው ለእኔ ተሰጠ። «አንቺን ምን ይጎዳሻል» ተባለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስላልከፋኝ አይደለም።

ይህን የምጽፈው ቤት ገብቼ በብሬል ነው፤ ወረቀቱን በነጥብ በነጥብ እየወጋሁ። ከተማሪነቴ ወዲህ እንዲህ ወግቼ አላውቅም። አውራ ጣቴ ታመመ።

ኅዳር 5

ሰውአገኝ ከሌላ ክፍል ሲዲ ለምኖ አመጣ። ጫነ። «መሣሪያው አልተገኘም ይላል።» ደግሞ ጫነ። ያው። አጠፋ፣ አበራ። ያው። ምሳ ሰዓት ደረሰና ሄደ።

ኅዳር 10

ወይዘሮ ታየች አስጠሩኝ። የክፍላችን ኃላፊ ናቸው። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ክፉ ነገር ሲናገሩ ደግሞ ይበልጥ ይለሰልሳል።

«የሙከራ ጊዜሽ ጥር መጨረሻ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ወርቅአፈራሁ። የገለበጥሽው ገጽ ታይቶ ነው ቋሚ የምትሆኚው። እኔ ክፉሽን አልመኝም።»

«ኮምፒዩተሩ ድምፅ የለውም እኮ፣ ወይዘሮ ታየች።»

«እሱን ሰውአገኝ ይዞታል።»

ታዲያ ከየትነበርሽ ጋር ቀያይሩን አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። እሷም የምትሠራው በድምፅ ነው፤ የእኔን ድዳ ወስዳ ምን ታደርገዋለች? የትነበርሽ ለካ በሩ ላይ ቆማ ሰምታኛለች። ማታ ወደ ቤት ስትመራኝ ራሷ ነገረችኝ። አልተቆጣችም። «እኔም ብሆን እንዲያው እል ነበር» አለች። እንዲያ ማለቷ ይበልጥ አናደደኝ።

ኅዳር 13

መላ አገኘን። ምሳ ሰዓት ላይ የትነበርሽ ኮምፒዩተሯን ትለቅልኛለች፤ ችሎቱን እየሰማሁ በብሬል እወጋለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እኔ በጣቴ እያነበብኩ እሷ ትጽፍልኛለች። ከዚያ የራሷን ሥራ ትቀጥላለች።

እሷ ምሳ አትበላም። ምግብ አልወርድ ብሎኛል ትላለች። ሎሚ ይዛ ትመጣለች፤ ክፍሉ ሎሚ ሎሚ ይላል። ትንሽ ያውከኛል፤ ግን የሰው ማሽን ላይ ተቀምጬ ስለ ሽታ አላወራም።

ሥራው ዝግ ነው። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ መሐል ላይ ትወጣለች፣ ትመለሳለች፣ «የት ላይ ነበርን?» ትላለች። በራሴ ማሽን ቢሆን እኔ ማንንም የት ላይ ነበርን አልልም ነበር።

ኅዳር 19

አያ አድማሴ ደወለ። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ቤተሰቤ ሁሉ መካነ ብርሃን ነው ያሉት። ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ወጥቶ ኖሮ ነፋሱ ከድምፁ ጋር ይገባል።

«ምነው ድምፅሽ ሰለለ?»

«ጉንፋን ነው፣ አያ።»

«ሥራውስ?»

«ሸጋ ነው።»

«እንግዲህ ካልሆነልሽ ቤትሽ አለልሽ። ማንም አያስቸግርሽም። ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ።»

ከደግነቱ ነው። ቁጭ ብሎ መብላት ምን እንደሆነ ግን እሱ አያውቀውም፤ ሲያርስ ነው የኖረ። እኔ ጎንደር አምጥተው ትምህርት ቤት እስኪያስገቡኝ ድረስ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየተከተልኩ ተቀምጫለሁ። ጠዋት በአንዱ ግድግዳ፣ ከሰዓት በሌላው። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጦ ይሄዳል። ከመንገደኛው ሁሉ የማስታውሰው ያንን የከንፈር ድምፅ ነው። ጥር መጨረሻ ላይ ካሰናበቱኝ የኪራይ ቤቴን ለቅቄ የምመለሰው ወደዚያ ግድግዳ ነው።

ይህን ለአያ አድማሴ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? ጉንፋን ነው አልኩት።

ኅዳር 21

ሰውአገኝ አልመጣም። ስብሰባ። ነገም ስብሰባ።

የትነበርሽ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆመች። እኔን መጎተት የከበዳት መሰለኝ። ዱላ አለኝ እኮ፣ አልኳት።

ኅዳር 25

ዛሬ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡ። ከመምጣታቸው በፊት ወይዘሮ ታየች ወደ ክፍላችን ገብተው «ማዳመጫውን አድርጊና እንደምትሠሪ ሁኚ» አሉኝ። አደረግሁ። ጣቶቼን ቁልፎቹ ላይ አንቀሳቀስኩ። ምን እንደጻፍኩ እግዜር ይወቅ።

«እሷ ዓይነ ስውር ናት፤ እንደምታዩት ከማንም እኩል ትሠራለች» አሉ ወይዘሮ ታየች።

«ድንቅ ነው» አለ አንዱ። ፎቶ አነሱኝ። የካሜራው ድምፅ ቀጭ ቀጭ አለ። ኮምፒዩተሬ ድዳ፣ ማዳመጫው ድዳ፣ እኔም ድዳ። ከማንም እኩል።

ኅዳር 29

ከእንግዶቹ ወዲህ ማዳመጫውን አላወለቅሁም። ባዶ እጄን ከምቀመጥ ይሻላል ብዬ ነው። አንድ ነገር ግን ተማርኩ። ማዳመጫ ያደረገ ሰው የማይሰማ ይመስላቸዋል።

ሰውአገኝ ለየትነበርሽ ማተሚያ ሊሠራ መጥቶ፦

«እኔ ለአንድ ሰው ብዬ የሞተ ሲስተም ስቆፍር ልኖር ነው? ስልክ ኦፕሬተር ቢያደርጓትስ? ለእሷም ይቀላት ነበር።»

የትነበርሽ «ይልቅ ፈልግላት» አለችው።

«ምኑን?»

«ድራይቨሩን ነዋ።»

ሳቀ። እኔ ጣቴን ቁልፎቹ ላይ አንቀሳቀስኩ።

ታኅሣሥ 4

ሰማሁ። በገዛ ጆሮዬ።

ወይዘሮ ታየች ገቡ። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነው። ወደ የትነበርሽ ጠረጴዛ ሄደው ወረቀት አስቀመጡ፤ ወረቀቱ ሲንሸራተት ይሰማል። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ዝቅ ሲያደርጉ ለእኔ ይበልጥ ይጠራል።

«አንብቢውና ፈርሚው። የክፍሉ ሥራ በእሷ ምክንያት መጓተቱን ነው የሚለው። ሌላ ምንም የለበትም።»

የትነበርሽ ወረቀቱን አነሳችው።

«የሁለት ሰው ሥራ እየሠራሽ እስከ መቼ ትዘልቂዋለሽ? በዚህ ሁኔታሽ?»

የትነበርሽ ወንበር ሲጥጥ አለ።

«የአንቺንም ጉዳይ ይዤ እየሄድኩ ነው። ልጨርሰው አልችልም ካልተጋገዝን።»

ከዚያ የትነበርሽ፦ «እስክሪብቶ ያቀብሉኝ» አለች።

ስትፈርም ሰምቻለሁ። የእሷ ፊርማ ረጅም ነው፤ መጨረሻው ላይ ጭረት አለው።

ያን ጊዜ ጣቶቼን ማንቀሳቀስ ረሳሁ።

ታኅሣሥ 5

ብቻዬን ወደ ቤት ሄድኩ። ገና እቃዋን ስትሰበስብ ወጣሁ። ስትጠራኝ አልሰማሁም። ማለት፣ ሰማሁ።

ከሥራ ቦታ እስከ ሰፈሬ፣ እስከ ሳሙና በር፣ መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ሰሞኑን ግን ለቦይ ቆፍረውታል። ገባሁበት። ጉልበቴ ተላጠ፣ ዱላዬ ጫፉ ተሰበረ። ሁለት ሴቶች ጎትተው አወጡኝ። «ሰው የለሽም?» አሉኝ። አለኝ አልኩ።

ታኅሣሥ 8

የምሳ ሰዓቱን ተውኩት። ያንቺን ማሽን አልፈልግም አልኳት። ምክንያቱን አልጠየቀችኝም። የማይጠይቅ ሰው የሚያውቅ ሰው ነው።

የምትሠራውን ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ትጽፋለች፣ ታቆማለች፣ ትወጣለች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነው፤ ውሃው ከእጇ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። ማታ ማታ ስልክ ትሞክራለች፤ ባሏ አንዱዓለም ትክል ድንጋይ ከተማ አስተማሪ ነው፣ በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ከተዘጋ ቆየ። አይገባላትም። ዱሮ «ገባልሽ?» እላት ነበር። አሁን አልልም።

ምን አደረግኳት ብዬ ሳስብ እውላለሁ። አንድም ነገር አላገኘሁም። ጠዋት ትመራኛለች፣ ማታ ትመራኛለች፣ ስክሪን ታነብልኛለች፣ ብሬሌን ትጽፍልኛለች። ይሄ ሁሉ እሷ ያደረገችው ነው። እኔ ያደረግኳት ምንም የለም።

ታኅሣሥ 18

ሰፋ አድርጌ ልጽፍ ነው። እጄ ይድከም።

ዛሬ ወይዘሮ ታየችም ሰውአገኝም ስብሰባ ሄዱ። የትነበርሽ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበችና ጠረጴዛዬ ላይ ትንሽ ነገር አስቀመጠች። ፍላሽ ነው።

«ድራይቨሩ ነው። የአንዱዓለም ወንድም አዲስ አበባ ኮምፒዩተር ይሠራል። የማሽንሽን ቁጥር ከጀርባው ላይ አንብቤ በስልክ ነገርኩት። በአውሮፕላን ለሚመጣ ሰው ሰጥቶልኝ ትናንት አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄጄ ተቀበልኩ።»

መቼ ነው ቁጥሩን ያነበበችው? ማሽኑ ኋላ ስትጎነበስ አልሰማኋትም። ወይ ሰምቼ ሌላ ነገር መስሎኝ ይሆናል። ሰሞኑን ከእሷ የሚመጣ ነገር ሁሉ ሌላ ይመስለኛል።

አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን፦

«ፊርማሽን አሳርፈሻል። ከእንግዲህ ምን ቀረሽ?»

«ሰምተሽኝ ኖሯል» አለች።

«ደንቆሮ አይደለሁም።»

«ፈርሜያለሁ። የተጻፈው ግን ውሸት አልነበረም፣ ወርቄ። ሥራው ተጓትቷል። የሁለት ሰው እየሠራሁ ነው፤ ደክሞኛል። ወደ ትክል ድንጋይ ዝውውር ጠይቄያለሁ። ካልፈረምኩ ወረቀቴን ወደ ላይ አያሳልፉትም።»

«ሸጥሽኝ ማለት ነዋ።»

«እንዳልሽው ይሁን። አሁን ይሄን እንጫነው ወይስ አንጫነው?»

እንጫነው አልኩ።

ድራይቨሩ አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። የአንዱዓለም ወንድም በስልክ እንዳስረዳት አንደኛው ኮምፒዩተሩ ወደ ድምፁ ካርድ የሚሄድበትን መንገድ የሚከፍት ነው። ሁለተኛው ራሱ ድምፁን የሚያወጣው ነው። መንገዱ ሳይከፈት ሁለተኛው ቢጫን ካርዱን አያገኘውም። ሰውአገኝ ያን ሁሉ ጊዜ ሲጭን የኖረው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

አንደኛውን ከፈተችው። «እንቢ አለ። ያለህ ሲስተም ከዚህ አዲስ ነው፣ አያስፈልግህም ይላል።»

«ደግመሽ አንብቢው።»

በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እየቆራረጠች አነበበችልኝ። አልገባንም። ከዚያ እኔ ዱሮ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሲሠሩ የሰማሁትን አስታወስኩ። ፋይሉን በሩ ካላስገባው በመስኮት ይገባል ይሉ ነበር፤ ፋይሉን ዘርግቶ የመሣሪያዎቹ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ በእጅ መጠቆም።

«ቢጫ የጥያቄ ምልክት ያለበት አለ?»

«ሁለት አለ።»

«ላይኛውን ክፈቺውና ፈልግ ሲልሽ አንቺ ራስሽ ማህደሩን አሳዪው።»

አሳየችው። ትንሽ ቆየና ወሰደው። ምልክቱ ጠፍቶ በቦታው ሌላ አዲስ ምልክት መጣ፤ የድምፁ ካርድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ሁለተኛውን ጫነች። ይህኛው ዝም ብሎ ገባ። አጥፍተን አበራን።

ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነበር። የዊንዶውሱ መክፈቻ ዜማ መጣ፤ ከዚያ ያ ባዕድ የሚመስል የማሽን አማርኛ። «ዴስክቶፕ» አለኝ። ከኅዳር ወዲህ ያልሰማሁት ድምፅ ነው። እንዳታየኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

«ሰማሽ?» አለች።

«ሰማሁ።»

ሌላ ምንም አላልኳትም። ወንበሯን መልሳ ወደ ጠረጴዛዋ ስትሄድ ቀስ ብላ ነበር የተነሳችው፣ ጠረጴዛውን ተደግፋ። ነገ አመሰግናታለሁ ብዬ አሰብኩ።

ታኅሣሥ 19

አላመሰገንኳትም። ሌላ ጉድ መጣ።

የችሎቱን ድምፅ በእግር መርገጫ እያስኬደ የሚያሰማው ፕሮግራም ሲከፈት ድምፁን ሁሉ ለራሱ ይወስዳል። አንባቢዬ ያኔ ዝም ይላል። ችሎቱን ሳቆም ደግሞ አንባቢው ይመለሳል። አንዱ ሲናገር አንዱ ዝም። እኔ ግን እየሰማሁ፣ የምጽፈውንም እየሰማሁ ነው የምሠራው። ካልሆነ ስህተቴን የማውቀው ገጹ ሲያልቅ ነው። ሰውአገኝ ከመፎርማቱ በፊት ሁለቱ አብረው ይሠሩ ነበር፤ እንዴት እንደተስተካከለ የሚያውቅ የለም።

ታኅሣሥ 24

ሰውአገኝ መጣ። ድምፁ መግባቱን ሲያይ «ማን ጫነው?» አለ። የትነበርሽ «ገባልን» አለችው። ሌላ አላለችም።

የድራይቨሮቹን ቅደም ተከተልም፣ አዲሱንም ጉድ አስረዳሁት። አሰበ። «ሁለት ካርድ ቢኖር እኮ ለየብቻ መስጠት ይቻላል» አለ። መሳቢያውን በርብሮ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ ካርድ አመጣ። ሐቁን ልጻፍ፣ ይሄ የእሱ ሐሳብ ነው። የማሽኑ ካርድ ለችሎቱ፣ ትንሹ ካርድ ለአንባቢው። ሰክቶት፣ ስብሰባ አለኝ ብሎ፣ ሳይጨርሰው ሄደ። የቀረውን የትነበርሽ እያነበበችልኝ እኔ ጨረስኩት። አንባቢው ውስጥ ገብተን የሚናገርበትን ካርድ ቀየርን። ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥር ወደ ዱሮው ይመለስ ነበር፤ ትንሹን ካርድ የምንሰካበትን ቀዳዳ ስንቀይር ረጋ።

አሁን ሁለት ማዳመጫ አለኝ፤ በግራ ጆሮዬ ዳኛው ይናገራሉ፣ በቀኝ ጆሮዬ ማሽኑ የጻፍኩትን ያነባል። ለሌላ ሰው እብደት ነው። ለእኔ ሥራ ነው።

የትነበርሽ ሥራዋን ሳትጨርስ መሸባት። አብረን እንሂድ አለችኝ። ገጽ ይዣለሁ፣ ቀድመሽ ሂጂ አልኳት። ገጽ መያዜ እውነት ነው።

ጥር 11

ጥምቀት። ዘንድሮ ቤት ዋልኩ። ሳንቀያየም የትነበርሽ ክንዴን ይዛ ታቦቱ እስከሚያልፍበት ልትወስደኝ ቃል ገብታልኝ ነበር። ከጎረቤት ግቢ የድምፅ ማጉያው ይሰማል፤ አንዱ በኩል ይሰነጠቃል፣ ሽቦው የላላ ነው። የሚያስተካክለው የለም።

አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም።

ጥር 27

ቋሚ ሆንኩ።

ወይዘሮ ታየች ደብዳቤውን እያነበቡልኝ ድምፃቸው ደረቅ ያለ ነበር፤ ደግ ነገር ሲናገሩ ለካ እንዲያ ነው። ከታኅሣሥ መጨረሻ ወዲህ የገለበጥኩት ተደምሮ ከሚፈለገው አልፏል። የትነበርሽ ስለፈረመችው ወረቀት አልጠየቅኋቸውም። ፋይሌ ውስጥ እንዳለ ነው።

አያ አድማሴ ጋ ደወልኩ። «ሸጋ» አለ። «ሸጋ፣ ሸጋ።» ዳገቱ ላይ ነፋስ ነበር፤ ቀጥሎ ያለውን አልሰማሁትም።

የካቲት 6

የትነበርሽ ዝውውሯ ወጣ። ወይዘሮ ታየች ለጽዳት ሠራተኛዋ ሲናገሩ ሰማሁ።

«ሆዷ እንዲያ ገፍቶ ብቻዋን እዚህ ምን ትሠራለች? ባሏ ጋ ትሂድ እንጂ።»

«መቼ ነው የምትወልደው?»

«ግንቦት ነው አሉ።»

ሁሉም ያውቁ ኖሯል። ሁሉም ያየው ነገር ነው፤ ለእኔ ደግሞ ማን ይንገረኝ? መጀመሪያ እንዲህ ብዬ ተቆጣሁ። ማየት ለማይችል ሰው የሚነግር ይጥፋ?

ቤት ስደርስ ግን ቁጣው አብሮኝ አልገባም። ሎሚውን ሸትቻለሁ። ደረጃው ላይ ስትቆም ቆሜያለሁ። ፊቷን ታጥባ ስትመለስ ሰምቻለሁ። ምሳ እየተወች የእኔን ብሬል ስትጽፍ አጠገቧ ነበርኩ። ለዚህ ዓይን አያስፈልገውም ነበር። መጠየቅ ብቻ ነበር የሚበቃው። እኔ ደግሞ «ዱላ አለኝ» ነው ያልኳት።

የካቲት 14

የመጨረሻ ቀኗ ነበር። መሳቢያዋን ስታራግፍ እሰማለሁ። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነው። ችሎቱ አልተከፈተም፣ አንባቢውንም ዘግቼዋለሁ። መጻፌን ቀጠልኩ።

ትከሻዬን ነካ አድርጋ ሄደች።

የጻፍኩትን ኋላ አስነበብኩት። ትርጉም የለውም፤ ፊደል ብቻ ነው።

የካቲት 29

የሴቶች ቀን። አዳራሽ ተሰበሰብን። ምስክር ወረቀት ለሚሰጣቸው ሴቶች ስም ሲጠሩ የእኔም ነበረበት። አስቀድሞ የነገረኝ የለም።

ስሜ ከመጠራቱ በፊት ከበሩ በኩል የትነበርሽን ሰማኋት። ዘበኛውን «ክሊራንሴን ልጨርስ ነው የመጣሁት፣ ንብረት ክፍል ዝግ ነው» ትለዋለች። «እስኪጨርሱ ቁጭ በይ» አላት። ወንበር ሲሳብላት ሰማሁ። ከኋላ፣ በስተቀኝ።

ወይዘሮ ታየች ተናገሩ። ክፍላቸው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ስላደረገው ድጋፍ። ቀጥሎ ሰውአገኝ ተነሳ። በአሮጌ ሲስተም ላይ ሁለት ድምፅ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሠራ አስረዳ፤ መጀመሪያ መንገዱን የሚከፍተው ክፍል መጫን እንዳለበት፣ ከዚያ ሁለቱን ካርዶች መለየት። «ብዙ ደክመንበታል» አለ። ተጨበጨበ።

ከዚያ ማይክሮፎኑን እጄ ላይ አደረጉልኝ። ከባድ ነበር፤ ብረቱ ከሌላ ሰው እጅ ሞቋል። የምለውን አውቀዋለሁ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ነገ እላለሁ እያልኩ የያዝኩት ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ስም ነው። ከዚያ ግን ወይዘሮ ታየች ፊት ለፊት መቀመጣቸውን አሰብኩ። ፋይሌን አሰብኩ። ቋሚ ከሆንኩ ገና አንድ ወር ነው።

«ወይዘሮ ታየችንና አቶ ሰውአገኝን አመሰግናለሁ» አልኩ።

ተጨበጨበ። ማይክሮፎኑን ወሰዱልኝ።

ስወጣ በሩ ላይ ክንዴን የያዘኝን እጅ ሳልጠይቅ አወቅሁት። ትንሽ አብጧል፤ ቀለበቷን አውልቃዋለች።

«ሸጋ ተናገርሽ» አለችኝ።

ስላቅ ፈልጌ አዳመጥኩ። አልነበረበትም። ስላቅ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«መንገዱ ተከፈተ?» አልኳት።

«ነገ ማለዳ መኪኖች ይወጣሉ ተብሏል። ከመኪና ሰው ጋር ተነጋግሬያለሁ።»

«አንዱዓለም ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

የተቆፈረውን ቦይ አሻገረችኝ። እሷ እየቆመች፣ እኔም አብሬ እየቆምኩ። መናገር እችል ነበር። አዳራሹ ውስጥ ያላልኩትን እዚያ ማለት እችል ነበር፤ የሚሰማን ሰው አልነበረም። ትንፋሿ እስኪመለስ ቆምን። ከዚያ ባጃጅ አስቆመችልኝ፣ ጭንቅላቴን እንዳልመታ እጇን ከላይ አድርጋ አስገባችኝና ለሹፌሩ ሰፈሬን ነገረችው።